«ፌተር»ን ስትተረጉሙ ከእግር ጀምሩ

የቆየ እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስንመልስ ብዙዎቻችንን ከሚያደናቅፉን ቃላት አንዱ «ፌተር» ነው። ሲያዩት ከባድ አይመስልም። መዝገበ ቃላቱ «ሰንሰለት፣ እግር ብረት፣ ማሰሪያ» ብሎ ይደረድራል፤ አንዱን አንስቶ ማለፍ ይቀላል። ጣጣው የሚመጣው ብዙ ገጽ ከተሠራ በኋላ ነው። ያው ቃል እስረኛውን ትቶ ንጉሥ ፍርሃቱን የሚያስርበት፣ ገጣሚ ሐዘኑን የሚቆልፍበት፣ ዳኛ የመሥሪያ ቤት ውሳኔ የሚሽርበት ሆኖ ይመለሳል። ከመነሻው «ሰንሰለት» ብሎ የጀመረ ተርጓሚ ያን ጊዜ ወይ ቃሉን በየቦታው ይለዋውጣል፣ ወይ አንባቢ ሊገባው የማይችል አማርኛ ይጽፋል፣ ወይም ተመልሶ ሁሉን ያርማል። ይህን መንገድ ዛሬ የምትጀምሩ ሰዎች ያን ድካም እንድትቀንሱ፣ ሥራው በምን ቅደም ተከተል ቢያዝ እንደሚቀና እዚህ ላስቀምጥ።

ከቃሉ በፊት ዕቃውን እወቁ። ፌተር የእግር ማሰሪያ ነው። ሁለት የብረት ቀለበቶች ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶች ይይዛሉ፤ በመካከላቸው አጭር ሰንሰለት ወይም ዘንግ ይኖራል። ቀለበቱ በቁልፍ ይዘጋል፣ ወይም በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይገጠማል። ትኩረት የሚያሻው የሰንሰለቱ እጥረት ነው። የታሰረው ሰው ይቆማል፣ ይቀመጣል፣ በግማሽ እርምጃ እየተጎተተ ይሄዳል፤ መሮጥ ግን አይችልም። ይህን ከግንድ ጋር አነጻጽሩት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ቁጥር 24 ጳውሎስና ሲላስ እግራቸው በግንድ ተጠርቋል፤ ግንድ ሰውን ካለበት ንቅንቅ አያደርገውም። ፌተር ግን መሄድን ሳይከለክል እርምጃን ያሳጥራል። ቃሉ ከብረት ወጥቶ ወደ ሐሳብ ሲሻገር ይዞት የሚሄደው ይህንኑ ነው፤ በፌተር የተያዘ ነገር ይንቀሳቀሳል፣ እንደ ልቡ ግን አይደለም።

እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ በብዙ ቁጥር ይመጣል፤ ሁለት እግር፣ ሁለት ቀለበት ስላለ። አማርኛው ግን አንድ «እግር ብረት» ብሎ ሁለቱንም ይጠቀልላል። ለአንድ እስረኛ «እግር ብረቶች ገቡለት» ብሎ መጻፍ የትርጉም ሽታ ያመጣል፤ «እግር ብረት ገባለት» በቂ ነው። በተጨማሪም ፌተር ሁልጊዜ ሰው ላይ አይውልም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ፈረስ ለግጦሽ ሲለቀቅ ርቆ እንዳይሄድ እግሩ በዚሁ ዓይነት ማሰሪያ ይያዝ ነበር። «ፌተርሎክ» የሚባለው የፈረስ እግር ቁልፍ የዮርክ ሥርወ መንግሥት ዓርማ ውስጥ ከጭልፊት ጋር ተሥሏል። የታሪክ መጽሐፍ ላይ ይህን ብታገኙ «የእግር ብረት ቁልፍ» ብላችሁ እስረኛ ፍለጋ አትሂዱ፤ የፈረስ ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ጎረቤቶቹን መለየት ነው። እያንዳንዱን ቃል «የትኛውን አካል ይይዛል?» ብላችሁ ጠይቁት። «ማናክል» ከላቲን «ማኑስ»፣ ማለትም ከእጅ የመጣና በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ነው፤ የእጅ ብረት ነው። «ጃይቭ» ወደ እግር ያዘነብላል፤ ዛሬ ከግጥምና ከቆዩ ጽሑፎች ውጭ አይገኝም። «ብራይድል» የፈረስ አፍና ራስ ነው፤ ለእሱ ልጓም፣ ልባብና ዛብ አሉን። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 1 ቁጥር 26 ላይ እንግሊዝኛው አንደበትን በዚህ ቃል ሲይዝ አማርኛው «ሳይገታ» ብሏል፤ «መግታት» ራሱ ፈረስን ዛብ ስቦ ማቆም ስለሆነ ምርጫው ያማረ ነው። «ቼይን» አካልን አይለይም፤ የቀለበቶች ተርታ ነው።

«ሻክል» ላይ ግን ቆም በሉ፤ ስህተቱ እዚህ ላይ ከወረቀት አልፎ ሰው ሊጎዳ ይችላል። እሱም የጥንት እንግሊዝኛ ቃል ነው፤ እጅንም እግርንም የሚይዝ ቀለበት ነው። ዛሬ ግን ከእስር ቤት ይልቅ በክሬንና በወደብ ሥራ መመሪያ ውስጥ በብዛት ይገኛል። እዚያ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ብረት ሆኖ፣ አፉ በፒን የሚዘጋና ጭነት የሚንጠለጠልበት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በግንባታ ቦታ ለሚሠሩ ወገኖች የደኅንነት መመሪያ የምትተረጉሙ ከሆነ «ሻክል» ብላችሁ ተዉትና ሥራውን ግለጹ፦ የተጻፈበት የጭነት መጠን አይታለፍም፣ ፒኑ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል፣ ፒኑ ከጠፋ በተራ ቡሎን አይተካም፤ ቡሎኑ ለዚያ ክብደት አልተሠራምና ሊታጠፍ ወይም ሊቆረጥ ይችላል። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ሻክል ባሌስትራን ከሻንሲ ጋር የሚያያይዘው ቁራጭ ነው። ሁለቱም ቦታ «እግር ብረት» ብሎ መጻፍ ሠራተኛውን ያሳስተዋል።

ሦስተኛው ሥራ የቃሉን አመጣጥ ማየት ነው። ፌተር ከ1066 የኖርማኖች ወረራ በፊት በእንግሊዝ ምድር ይነገር ከነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ይዞ የመጣ ቃል ነው፤ «ቼይን» እና «ማናክል» ግን የፈረንሳይኛ መጤዎች ናቸው። ዘመዶቹ በጀርመናዊ ቋንቋዎች ሁሉ ተበትነዋል። በጥንታዊ ኖርስ፣ ማለትም በጥንቱ የስካንዲናቪያ ቋንቋ፣ «ፍዮቱር» ይባላል። በደች «ፌተር» ዛሬ የጫማ ማሰሪያ ክር ነው፤ ኔዘርላንድ ያላችሁ ወገኖች ሱቅ ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ ያው ከእግር አልራቀም። የሁሉም ሥር «እግር» የሚል ትርጉም ያለው የጥንት ሕንድ-አውሮፓዊ «ፔድ» ነው። የእንግሊዝኛው «ፉት» ከዚያው ሥር ወጣ፤ የብስክሌታችን «ፔዳል» ደግሞ በላቲን በኩል መጣ።

«ፔድ» እንዴት «ፌት» ሆነ የሚል ይኖራል። ሕጉ የታወቀ ነው። ዴንማርካዊው ራስሙስ ራስክ በ1818፣ ጀርመናዊው ያኮብ ግሪም ደግሞ በ1822 በዝርዝር እንዳሳዩት፣ በላቲንና በግሪክ ተጠብቆ የቀረው «ፐ» በጀርመናዊ ቋንቋዎች «ፈ» ይሆናል፤ «ደ» ደግሞ «ተ»። ራሳችሁ ሞክሩት። የላቲኑ «ፓተር» በእንግሊዝኛ «ፋዘር» ነው፤ «ፒስኪስ» «ፊሽ» ነው፤ «ዱዎ» «ቱ»፣ «ዴኬም» «ቴን» ናቸው። «ፔድ» ውስጥ ሁለቱም ድምፆች ስላሉ ሁለቱም ተለውጠው «ፌት» ሰጡ። በላቲን «ፔዲካ»፣ በግሪክ «ፔዴ» የሚባሉት የእግር ማሰሪያዎች ለፌተር የአጎት ልጆች የሆኑት በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ሕግ መያዝ ከአንድ ወጥመድ ያድናል። «ፌተር» የሚለው ድምፅ ለአማርኛ ጆሮ «ፈታ»ን ያስታውሳል፤ የአንዱ ትርጉም ማሰር፣ የሌላው መፍታት መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያጣፍጠዋል። «ከእኛ ወስደው ገለበጡት» የሚል ንግግር ከዚህ ይነሳል። ዝምድና የላቸውም። የእኛው «ፈታ» ከግዕዝ «ፈትሐ» ነው፤ ዘመዶቹ የዐረብኛው «ፈተሐ» እና የዕብራይስጡ «ፓታሕ» ሲሆኑ ሁለቱም መክፈትን ይናገራሉ፤ ሦስተኛው የሥር ፊደል «ሐ» ነው። የእንግሊዝኛው «ፈ» ደግሞ ከ«ፐ» የተለወጠ ነው። ሁለት ቃላት ዛሬ ስለተመሳሰሉ ዘመድ ናቸው ከማለታችሁ በፊት እያንዳንዳቸው ከሺህ ዓመት በፊት ምን ይመስሉ እንደነበር እዩ። በእንግሊዝኛው ውስጥም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፤ «ፌትል» የሚባል ቃል አለ፣ ሰው «በጥሩ ፌትል ላይ ነው» ሲባል ጤናውና መንፈሱ ደህና ነው ማለት ነው፤ ከፌተር ጋር አይገናኝም።

መሣሪያውን በሚመለከት፣ ለጥንታዊ እንግሊዝኛ የቦስዎርዝና የቶለር መዝገበ ቃላት፣ ለመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። በሁለቱም አንድ አጻጻፍ ብቻ አትፈልጉ፤ በዚያ ዘመን ወጥ አጻጻፍ አልነበረም፣ አናባቢው ይለዋወጣል፣ «ተ» አንዴ ይጠብቃል አንዴ ይላላል፣ በደቡብ እንግሊዝ ጽሑፎች ደግሞ መነሻው «ቨ» ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የግሡንም ቅርጽ ለብቻው ፈልጉ። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በየትርጉሙ ሥር ጥቅሶችን በዘመን ቅደም ተከተል ስለሚደረድር፣ የምትተረጉሙት መጽሐፍ በተጻፈበት ዘመን ቃሉ የትኛውን ትርጉም እንደያዘ ከእሱ ይታያል። ከዘመኑ በኋላ የመጣ ትርጉም ለመጽሐፉ አትስጡ።

በእኛ በኩል የደስታ ተክለ ወልድን የአማርኛና የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሳትገልጡ አትወስኑ። የኪዳነ ወልድ በአበገደ ተራ ስለሆነ በሀለሐመ የለመደ እጅ መጀመሪያ ይቸገራል፤ ታገሡት። ለዚህ ሥራ የሚጠቅመው ቃል «እግረ ሙቅ» ነው። ብዙ ሰው «ሙቅ»ን ከሙቀት ጋር አገናኝቶ «እግር የሚያቃጥል ብረት» ይለዋል። አይደለም። ሥሩ የግዕዝ «ሞቅሐ» ነው፤ አሰረ፣ በብረት ያዘ ማለት ነው። «ሙቁሕ» እስረኛ ነው፤ «መዋቅሕት» ማሰሪያዎቹ ናቸው። «ሐ» በአማርኛ አፍ ስለማትሰማ «ሙቅሕ» «ሙቅ» ሆነ። ሥሩን ስትፈልጉ በ«መ» ካጣችሁት በ«ወ» ሂዱ፤ «መዋቅሕት» ውስጥ ያለው «ዋ» ምክንያቱን ይነግራችኋል። እንግሊዝኛው እግርን በሥሩ ደብቆ ሲይዝ የእኛው በግልጽ አስቀድሞታል። ለቆየና ለከበደ ጽሑፍ «እግረ ሙቅ»፣ ለተራ ትረካ «እግር ብረት» ያምራል።

አራተኛ፣ ምርጫችሁን ከመቁረጣችሁ በፊት የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 4 ላይ ፈትኑት። በመቃብር ውስጥ ይኖር ስለነበረው ሰው የሚናገረው ይህ ቁጥር ለዚህ ቃል ከሁሉ የተሻለ መምህር ነው። የ1611 የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ፌተርስ» እና «ቼይንስ» ይላል። ግሪኩ የመጀመሪያውን «ፔዴ» ይለዋል፤ ላቲኑ «ኮምፔስ» ይለዋል፣ በውስጡ «ፔድ» አለ። አማርኛው «እግር ብረት» ይላል። አራቱም ቋንቋ እግርን ይዟል። ለሁለተኛው ቃል ላቲኑ «ካቴና» ይላል። የእንግሊዝኛው «ቼይን» ከዚህ ቃል በፈረንሳይኛ በኩል መጣ፤ የእኛው «ካቴና» ደግሞ በጣልያንኛ በኩል። ጣልያኖች «ካቴና» ሲሉ ማንኛውም ሰንሰለት ነው፤ እኛ ግን ቃሉን አጥብበን ለፖሊስ የእጅ ብረት ብቻ አደረግነው። ስለዚህ በወንጌሉ ዘመን ታሪክ ውስጥ «ካቴና» ብትጽፉ በሥሩ ትክክል ሆናችሁ በትርጉሙ ትስታላችሁ፤ አንባቢያችሁ ወዲያው ፖሊስ ይታየዋል።

ከዚያው ቁጥር ግሦቹንም ተማሩ። ሰውየው ሰንሰለቱን ይበጣጥሳል፣ እግር ብረቱን ይሰባብራል። ግሪኩም እንግሊዝኛውም ሁለት የተለያዩ ግሦች አሏቸው፤ የቀለበት ተርታ ተስቦ ይበጠሳል፣ ወፍራም ቀለበት ግን ይሰበራል። ብዙ ትርጉም የሚደክመው ስሙ ላይ ሳይሆን እዚህ ግሡ ላይ ነው። «እግር ብረቱ ተበጠሰ» የሚለው ብረቱን ገመድ ያስመስለዋል።

መዝሙር 149 ቁጥር 8 ደግሞ ቃሉ ከእግር እንዴት እንደሚያመልጥ ያሳያል። ነገሥታት በአንድ ዓይነት ማሰሪያ፣ መኳንንት በሌላ ይታሰራሉ። ግሪኩ ለነገሥታቱ «ፔዴ» ብሎ፣ ለመኳንንቱ «ኬይሮፔዴ» ይላል፤ «ኬይር» እጅ ነው። እግርን በውስጡ የያዘ ቃል ላይ እጅ ተቀጠለበት፤ ተናጋሪው «ፔዴ» ውስጥ እግር መኖሩን ረስቶ «ማሰሪያ» ብቻ አድርጎታል ማለት ነው። ዛሬም ግሪኮች የፖሊስን ካቴና በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ላቲኑም ለመኳንንቱ የእጅ ብረት ሰጥቷል። የ1611ዱ እንግሊዝኛ ግን ለነገሥታቱ ሰንሰለት፣ ለመኳንንቱ «የብረት ፌተር» ሰጠ። እጅና እግር ተለዋወጡ። ከእንግሊዝኛው ብቻ የሚተረጉም ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የምትሠሩት ጽሑፍ ራሱ ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ከሆነ ወደ ምንጩ አንድ እርምጃ ተመለሱ፤ ካልተቻለ ቢያንስ በጽሑፉ ውስጥ የታሰረው ሰው ምን እንደሚሠራ እዩ። የሚጽፍ ከሆነ እጁ ነፃ ነው። ፈረስ ላይ የሚወጣ ከሆነ እግሩ ነፃ ነው።

ይህ ምክር ለመቅደላ ታሪክም ይሠራል። ዓፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸው የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኞች፣ ሆርሙዝ ራሳምና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ፣ በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ካስፈታቸው በኋላ በእንግሊዝኛ ትዝታቸውን ጽፈዋል። እዚያ ውስጥ «ቼይንስ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ቁርጭምጭሚት ላይ በመዶሻ የሚገጠመውን እግር ብረት ነው የሚያመለክተው። ጸሐፊዎቹ የሚያወሩት የእኛኑ ዕቃ በእነሱ ቃል ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሰንሰለት» እያሉ መጓዝ የራሳችንን ነገር ባዕድ ያደርገዋል። በቤተ መንግሥቱና በአምባው ይነገር የነበረውን ቃል መልሱለት። በዚያው ዘመን «ቁራኛ» የሚባለውም ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ አብረው ተቆራኝተው ዳኛ ፊት የሚቀርቡበት ሥርዓት። ይህ ፌተር አይደለም፤ ሰውን ከሰው ጋር ያስራል። ዛሬ «የአልጋ ቁራኛ» ስንል የምንጠቀምበት ስለሆነ፣ እንግሊዝኛው ሰውን ከበሽታ ወይም ከዕዳ ጋር ሲያቆራኝ እጅግ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ምሳሌያዊው እንሂድ። እዚህ ነው አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው። ፌተር ለውስጥ ስሜት መዋሉ አዲስ ነገር አይደለም። በኤክሰተር ካቴድራል የተጠበቀ የ10ኛው ክፍለ ዘመን የእጅ ጽሑፍ ውስጥ፣ ጌታው ሞቶበት በቀዝቃዛ ባሕር ላይ ብቻውን የሚንከራተት ሰው እንጉርጉሮ አለ። የልቡን የሚነግረው ሰው ስላጣ፣ ልቡን በፌተር ማሰር ግድ እንደሆነበት ይናገራል፤ ሐዘኑን መዋጥ የጨዋ ሰው ወግ ነውና። ይህን «ልቤን በእግር ብረት አሰርኩ» ብላችሁ ብትጽፉ አንባቢ ግራ ይጋባል፤ ልብ እግር የለውም። አማርኛ ለዚህ ሁኔታ «ሆድ ይፍጀው» የሚል አለው፤ ለንግግርና ለስድ ጽሑፍ እሱ ይሻላል። ብረቱ እንዲቀር የግድ የሚያስፈልጋችሁ ግጥሙን በግጥም ስትመልሱ ከሆነ «ልቤን ቆልፌ ያዝኩት» የመሰለ መንገድ ፈልጉ፤ እግሩ ይሂድ፣ መታሰሩ ይቅር።

በተቃራኒው እግሩ መቅረት የሌለበት ቦታ አለ። በሼክስፒር ሐምሌት ውስጥ ንጉሥ ክላውዲየስ፣ እግሩ ተፈትቶ የሚንጎራደደውን ፍርሃት በፌተር እንይዘዋለን ይላል። ጨዋታው ያለው እግር ላይ ነው፤ ፍርሃቱ እንደ ሰው ይሄዳል፣ ስለዚህ እንደ ሰው እግር ብረት ይገባለታል። እዚህ «እንገታዋለን» ብቻ ብሎ ማለፍ ምስሉን ይገድለዋል። የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ በአቅራቢያው የመሄድ፣ የመሮጥ ወይም የእግር ቃል አለ? ካለ እግር ብረቱን አቆዩ። ከሌለ «ገታ»፣ «ያዘ»፣ «አገደ» ከሚሉት የሚስማማውን ምረጡ።

አመጣጥ ስታውቁ አንድ አደጋ አብሮ ይመጣል፤ ሥሩን ትርጉም አድርጎ መውሰድ። «ፔድ» በእንግሊዝኛ ብዙ ልጆች አሉት። «ኢምፒድ» ከላቲኑ «እግርን ጠለፈ» ነው፤ «ኤክስፐዳይት» ደግሞ «እግርን ከወጥመድ አወጣ» ነው፣ ዛሬ ጉዳይን ማፋጠን ሆኗል። ከሁሉ የሚገርመው «ኢምፒች» ነው። መነሻው «ፔዲካ»፣ ያው የእግር ማሰሪያ ነው፤ በፈረንሳይኛ «አምፔሼ» ዛሬም መከልከል ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ግን ባለሥልጣንን መክሰስ ሆነ። በአሜሪካ ምክር ቤት በ2019 እና በ2021 የፕሬዚዳንት ትራምፕ ጉዳይ ሲነሳ፣ ሥሩን አውቆ «ታገዱ» ብሎ የተረጎመ ሰው ዜናውን አበላሽቷል፤ ክስ ተመሠረተባቸው እንጂ ከሥልጣን አልታገዱም። ሥሩ ምስሉን ያሳያችኋል፤ ትርጉሙን የሚወስነው ግን ቃሉ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው።

በእንግሊዝና በካናዳ የስደተኞች ጉዳይ የምታስተረጉሙ ደግሞ ይህን ቃል በፍርድ ጽሑፍ ታገኙታላችሁ። የአስተዳደር ሕጉ፣ ባለሥልጣን የመወሰን ነፃነቱን «ፌተር» ማድረግ የለበትም ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሕጉ ለባለሥልጣኑ «አመዛዝነህ ወስን» ብሎታል። እሱ ግን የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ መመሪያ ይዞ፣ የአመልካቹን የተለየ ሁኔታ ሳይመለከት «መመሪያው አይፈቅድም» ብሎ ይዘጋል። ዳኛው ይህን ውሳኔ ሊሽረው ይችላል። «ሥልጣኑን አሰረ» ብላችሁ ብታስተረጉሙ ባለጉዳዩ አንድ ሰው የታሰረ ይመስለዋል። «ራሱን በመመሪያው ብቻ ገድቦ፣ ጉዳዩን በራሱ ሳይመዝን ወሰነ» ብትሉ ይገባዋል። ረዘመ ብላችሁ አትስጉ፤ ባለጉዳዩ ይግባኝ የሚልበት ነጥብ ይኸው ነው፣ ሳይገባው ቢወጣ ዕድሉ ሊያልፈው ይችላል። መመሪያ መኖሩ በራሱ ጥፋት እንዳልሆነም አብራችሁ አስረዱ፤ ጥፋቱ ከመመሪያው ውጭ ላለ ነገር ጆሮ መንፈግ ነው።

በዜና ላይ የሚበዛው ደግሞ አፍራሹ ቅርጽ፣ «አንፌተርድ» ነው። የሰብዓዊ እርዳታ መግለጫዎች ላይ ስለ መንገድ መከፈት ሲነገር ይመጣል፤ በአማርኛ «ያልተገደበ» ተብሎ ተለምዷል። ስህተት አይባልም፤ ግን «ያልተገደበ» መጠንንም ስለሚናገር አንባቢ «የፈለገውን ያህል» ብሎ ሊረዳው ይችላል። እንግሊዝኛው ስለ ብዛት አያወራም። አሥር መኪና እህል እንኳ በየኬላው ሳይቆም፣ ተጨማሪ ፈቃድ ሳይጠየቅ ካለፈ መንገዱ አንፌተርድ ነው፤ መቶ መኪና ተፈቅዶ በየኬላው ቢጉላላ አይደለም። እዚህ «ያለ እንቅፋት» ይሻላል፤ እንቅፋትም እግርን የሚመታ ነገር ስለሆነ ምስሉ ሳይቀር ይተርፋል። መግለጫው ስለ ቅድመ ሁኔታ አጥብቆ የሚናገር ከሆነ «ያለ ቅድመ ሁኔታ» በሉ። ቃሉ ስለ ሥልጣን ወይም ስለ ገበያ ሲመጣ ግን ምስጋና ይሁን ወቀሳ ቀድማችሁ ለዩ። ጸሐፊው የሚወቅስ ከሆነ «ልጓም የሌለው ሥልጣን» ቁጣውን ይሸከምለታል። የሚያመሰግን ከሆነ፣ ለምሳሌ ስለ ተመራማሪ ወይም ስለ ጋዜጠኛ ነፃነት የሚጽፍ ከሆነ፣ ልጓም የሚለው ስድብ ስለሚሆን «ማንም ሳያግደው» ወይም «እንደ ልቡ» በሉ፤ «እንደ ልቡ» እንኳ ከባለጌነት ጋር የሚነካካበት አገባብ ስላለው ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ ወስኑ።